ብዝኃነት በዓይን ሲቆጠር

እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካው ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ አመልካቾች ባሳተመው መጽሔት ሽፋን ላይ በስታዲየም የሚጨፍሩ ደጋፊዎች ይታዩ ነበር። በዋናው ፎቶ ላይ የነበሩት ተማሪዎች በሙሉ ነጮች ስለሆኑ አዘጋጆቹ ከሌላ ፎቶ የአንድ ጥቁር ተማሪ ፊት ቆርጠው በደጋፊዎቹ መካከል ቀጠሉበት። ተማሪው ጨዋታው ላይ አልነበረም። ነገሩ ሲጋለጥ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ። በጊዜው ብዙ የተወራው ስለ ማጭበርበሩ ነው። ከማጭበርበሩ በላይ የሚያስገርመው ግን ከጀርባው ያለው ስሌት ነው፤ አንድ የተለየ ፊት ከገባ የቀረውን የተመልካቹ ዓይን ራሱ ይሞላዋል የሚል።

ስሌቱ የአንድ ተቋም ብቻ አልነበረም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የ165 አሜሪካ ኮሌጆችን የማስተዋወቂያ ብሮሸሮች ሰብስቦ ከ10,000 በላይ ፎቶዎችን ቆጥሯል። ጥቁር ተማሪዎች በፎቶዎቹ ላይ የያዙት ድርሻ በመዝገብ ላይ ካላቸው ድርሻ በግልጽ ይበልጥ ነበር። ፎቶ የሚመርጠው ሰው የሥነ ልቦና ጥናት አንብቦ ላይሆን ይችላል፤ ዓይን እንዴት እንደሚቆጥር ግን ከልምድ ያውቃል።

ግማሽ ሰከንድ ይበቃል

ሰው ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሲገባ ፊቶችን አንድ በአንድ አይቆጥርም። አእምሮ ብዙ ተመሳሳይ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ሲያይ ዝርዝሩን ትቶ ጥቅሉን ይይዛል። ተመራማሪዎች ጄሰን ሀበርማንና ዴቪድ ዊትኒ በ2007 ባወጡት ሥራ፣ የተለያየ ስሜት የሚነበብባቸው ፊቶች ለአጭር ጊዜ የታዩአቸው ሰዎች የቡድኑን አማካይ ስሜት በጥሩ ሁኔታ ሲናገሩ፣ የትኛው ፊት በቡድኑ ውስጥ እንደነበር ግን በቅጡ መለየት አልቻሉም። የወንድነትና የሴትነት መልክም እንዲሁ በአማካይ ይነበባል። በ2018 የወጣ ሌላ ሙከራ የብዙ ሰዎችን ፊት ደርድሮ ለግማሽ ሰከንድ ብቻ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ የወንዶችንና የሴቶችን ድርሻ ገመቱ። ከዚያ አልፎ «እዚህ ቡድን ውስጥ ቦታ ይኖረኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ የራሳቸው ጾታ ከያዘው ድርሻ ጋር ከፍና ዝቅ ይል ነበር። አንዲት ሥራ አመልካች የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፍታ «ስለ እኛ» የሚለውን ፎቶ አይታ ስትዘጋው የሆነው ይኸው ነው፤ ጽሑፉን ሳታነብ ፍርዷን ሰጥታለች።

የነጠላ ፊት ፍርድ ከዚህም ይፈጥናል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ በ2006 እንዳሳዩት፣ የማያውቁትን ሰው ፊት ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያዩ ሰዎች ስለ ታማኝነቱና ስለ ብቃቱ የሰጡት ግምት ያለ ጊዜ ገደብ ካዩት ሰዎች ግምት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ተጨማሪ ጊዜ ይበልጥ የሚጨምረው በራስ መተማመንን ነው። ፈጥኖ የተሰጠ ፍርድ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሰዎች እርስ በርስ መስማማታቸውና እውነቱን ማግኘታቸው ለየቅል ናቸው።

ጥቂቶች ሲበዙ

ግምቱ ወደ የት ያዘነብላል? ብዙ ሰው አናሳ ቡድኖች ሳይታዩ ይቀራሉ ብሎ ይጠብቃል። በቁጥር ግምት ላይ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ራሻ ካርዶሽና ባልደረቦቿ በ2022 ያሳተሙት፣ 942 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 12 ሙከራዎች የያዘ ሥራ፣ ሰዎች በፊቶች ስብስብ ውስጥ ያሉትን አናሳዎች ከትክክለኛ ቁጥራቸው አብዝተው እንደሚገምቱ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያልተለመደ ነገር ትኩረት ይስባል፣ ትኩረት የሳበ ነገር ይታወሳል፣ የታወሰ ነገር ብዙ ይመስላል። ስህተቱን የሚሠሩት ደግሞ የአብላጫው ቡድን አባላት ብቻ አይደሉም፤ የአናሳው ቡድን አባላት ራሳቸውም ይስታሉ። ስለዚህ ነገሩን በጭፍን ጥላቻ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። በእነዚሁ ሙከራዎች የአናሳዎችን ቁጥር አብዝተው የገመቱ ሰዎች ብዝኃነትን ለሚያበረታቱ እርምጃዎች የሚሰጡት ድጋፍ ቀንሷል። «በቂ አሉ እኮ!» የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ከክፋት የመጣ ሳይሆን ከዓይን የተገኘ የተሳሳተ ቁጥር ነው። የሶሲዮሎጂ ባለሙያዋ ሮዛቤት ሞስ ካንተር ደግሞ በ1977 ከሌላው ጎን አይተውት ነበር። በአንድ ቡድን ውስጥ ከ15 በመቶ በታች የሆኑ ሰዎች ከመጠን በላይ ይታያሉ፤ ሥራቸው፣ ስህተታቸው፣ አለባበሳቸው ሳይቀር እንደ ግለሰብ ሳይሆን እንደ ወገናቸው ናሙና ይመዘናል። ያው ጎልቶ መታየት ቡድኑን ለሩቅ ተመልካች ባለ ብዙ መልክ ያስመስለዋል፤ ውስጥ ላለው ሰው ግን ሸክም ነው።

ሁሉም ፊት እኩል አይቆጠርም

እስካሁን «አናሳ» ያልነው አንድ ወጥ ነገር እንደሆነ አድርገን ነው። ፊት ግን የብዙ ምልክቶች ስብስብ ነው፦ የቆዳ ቀለም፣ የአፍንጫ ስፋት፣ የከንፈር ውፍረት፣ የዓይን ቅርጽ፣ የፀጉር ዓይነት። ተመልካች በአእምሮው ከያዘው «የተለመደ» መልክ ጋር በብዙ ምልክት የሚገጥም ፊት ወዲያው ይመደባል። በአንዱ ገጥሞ በሌላው የሚለይ ፊት ያወዛግባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይቆጠር ይቀራል።

ፀጉር ብቻውን የሚሠራው ሥራ አስገራሚ ነው። ማክሊንና ማልፓስ በ2001 ባደረጉት ሙከራ ከሁለት ቡድን ወደ የትኛውም ሊመደቡ የሚችሉ ፊቶች በኮምፒውተር ተዘጋጁ። ከዚያ ፊቱ እንዳለ ሆኖ የፀጉሩ አሠራር ብቻ ተቀየረ። ያው ፊት በአንዱ ፀጉር ጥቁር አሜሪካዊ፣ በሌላው ሂስፓኒክ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያለው) ተብሎ ተመደበ።

ልብስም ይገባበታል። በ2011 ጆናታን ፍሪማንና ባልደረቦቹ ከነጭ ወደ ጥቁር ደረጃ በደረጃ የሚሸጋገሩ ፊቶችን አዘጋጅተው አንዳንዶቹን ሱፍ፣ አንዳንዶቹን የጽዳት ሠራተኛ ልብስ አለበሷቸው። የጽዳት ልብስ የለበሰው ፊት ይበልጥ «ጥቁር» ወደሚለው ምድብ፣ ሱፍ የለበሰው ወደ «ነጭ» አዘነበለ። ይበልጥ የሚመስጠው ተሳታፊው ምርጫውን ሲያመለክት የኮምፒውተሩ ማውስ የሄደበት መንገድ ነው። ተሳታፊው የጽዳት ልብስ የለበሰውን ሰው በመጨረሻ «ነጭ» ብሎ ቢመርጥ እንኳ፣ እጁ በመንገዱ ላይ ወደ «ጥቁር» ሳብ ብሎ ነበር የተመለሰው። ከዚህ ተነስቶ አንድ ግምት ማስቀመጥ ይቻላል፦ በዓይን የሚካሄድ ቆጠራ አናሳዎችን በታችኛው የሥራ እርከን አብዝቶ፣ በላይኛው ደግሞ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ግምቱ የእኛ እንጂ ሙከራው ራሱ ያጠናው አይደለም።

የምልክቶቹ ክብደት ከቤተ ሙከራ ውጭም ይታያል። በ2004 በፍሎሪዳ እስረኞች ላይ የተሠራ ጥናት ጥፋታቸውና የወንጀል ታሪካቸው ተመሳሳይ የሆኑትን ሲያነጻጽር፣ በጥቁሮች መካከልም በነጮች መካከልም አፍሪካዊ ገጽታ ጎልቶ የሚታይባቸው ሰዎች ከ7 እስከ 8 ወር የሚረዝም ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት ሲመረመር የኖረ ነው፤ በአንዱ ቡድን ውስጥ ባሉ መልኮች መካከል ያለው ግን ብዙም አይመዘገብም።

ለተቋማት ይህ ምን ማለት ነው? ስድስት ሰዎች ያሉበትን ቡድን እናስብ፤ ሁለቱ የአናሳ ቡድን አባላት ናቸው። የሁለቱ ገጽታ «የተለመደው» ዓይነት ከሆነ ተመልካቹ ቡድኑን ብዝኃነት ያለው ይለዋል። ገጽታቸው ወደ አብላጫው የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ በወረቀት ላይ ምንም ሳይለወጥ ያው ቡድን አንድ ወጥ ይመስላል። ሁለት ተቃራኒ ፈተናዎች የሚመጡትም ከዚህ ነው። ለፎቶ የሚፈለገው ገጽታው የጎላ ሰው ሲሆን፣ ለቅጥር የሚመቸው ለአብላጫው ዓይን እንግዳ ያልሆነው ነው። ሁለቱን ፍላጎቶች ጎን ለጎን የያዘ ድርጅት አይጠፋም፤ ብሮሸሩንና የሥራ አመራር ዝርዝሩን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማየት ይበቃል።

የሌሎች ፊት ለምን «አንድ ዓይነት» ይመስላል?

ከራሳችን ቡድን ውጭ ያሉ ፊቶችን ለመለየት እንደምንቸገር ቢያንስ ከ1969 ጀምሮ በሙከራ ይታወቃል። በ2001 የወጣ ጥቅል ትንታኔ ወደ 5,000 የሚጠጉ ተሳታፊዎችን ያካተቱ ጥናቶችን ሰብስቦ ክስተቱ ጽኑ መሆኑን አረጋግጧል። በ2019 ብሬንት ሂዩዝና ባልደረቦቹ በነጭ ተሳታፊዎች አንጎል ላይ ባደረጉት የምስል ጥናት፣ ፊትን የሚያነበው የአንጎል ክፍል በጥቁር ፊቶች መካከል ላለው ልዩነት የሚሰጠው ምላሽ ደካማ እንደሆነ አይተዋል። ማለትም ልዩነቱ የሚጠፋው በኋላ በፍርድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ገና ዓይን ሲያነብ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ የ2011 የሮብ ጄንኪንስ ሙከራ የተለየ ቦታ አለው። 40 የፎቶ ካርዶች ለተሳታፊው ተሰጥተው የአንድ ሰው የሆኑትን በአንድ ክምር እንዲያስቀምጥ ተጠየቀ። ካርዶቹ የሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ለእያንዳንዳቸው 20። ፊቶቹን የማያውቁት ተሳታፊዎች በመካከለኛ ግምት 7.5 ክምር ሠሩ፤ እስከ 16 ያደረሰም ነበር። ሰዎቹን አስቀድመው የሚያውቁት ግን ያለ ችግር በሁለት ክምር ጨረሱ። ብርሃን፣ የካሜራው ርቀት፣ የፊት አቅጣጫ፣ ፈገግታ ሲለዋወጡ የማናውቀው ሰው ብዙ ሰው ይሆንብናል። እንግዲህ የማናውቃቸው ብዙ ሰዎች እንደ አንድ፣ አንድ የማናውቀው ሰው ደግሞ እንደ ብዙ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ቆጠራ ማካሄድ ድፍረት ይጠይቃል።

ፎቶግራፍ ደግሞ የራሱን ስህተት ይጨምራል። የተቀላቀለ የቆዳ ቀለም ያለው ቡድን በካሜራው ራስ ሰር ማስተካከያ ሲነሳ፣ ካሜራው የሚያሰላው የምስሉን አጠቃላይ ብርሃን ነው። አብዛኛው ፊት ፈካ ያለ ከሆነ ጠቆር ያሉት ይጨልማሉ፤ የአፍንጫና የጉንጭ ዝርዝር ይጠፋል። የቀለም ፊልም አምራቾች ለአሥርት ዓመታት ቀለም የሚያስተካክሉት በነጭ ሴት ምስል ካርድ እንደነበር የፎቶ ታሪክ የሚያውቅ አይዘነጋውም። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም፦ ብርሃኑ ከጎንና ለስላሳ እንዲሆን፣ መለኪያው ጠቆር ባለው ፊት ላይ እንዲነበብ፣ ፈካ ያለው እንዳይቃጠል ደግሞ ጥሬ ፋይል (ካሜራው ገና ያላቀናበረው የምስል መረጃ) እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ሕግ በዓይን ሲቆጥር

ብራዚል ይህን ሁሉ ጣጣ በሕግ አደባባይ ያየች አገር ናት። በ2007 በብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ የጥቁሮች ኮታ አመልካቾች በፎቶ ይመረመሩ ነበር። አንድ ዓይነት መንታ ወንድማማቾች አመለከቱ። ኮሚቴው አንደኛውን ጥቁር ነው ብሎ ተቀበለ፣ ሁለተኛውን አይደለም ብሎ መለሰ። ጉዳዩ አገር ምድሩን ካነጋገረ በኋላ ውሳኔው ታረመ።

ብራዚል ግን ከዚህ ተነስታ ዓይንን አልጣለችም። በ2012 የወጣው ሕግ በፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች፣ በ2014 የወጣው ደግሞ በፌዴራል ሥራ ቅጥር ኮታ ደነገጉ። ነጭ የሚመስሉ አመልካቾች ራሳቸውን «ጥቁር» ብለው እየሞሉ ቦታ ወሰዱ የሚል ቅሬታ ሲበዛ፣ በ2018 ለፌዴራል ቅጥር የወጣው መመሪያ አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። መስፈርቱ ገጽታ ብቻ ነበር፤ የአያት ፎቶ ወይም የዘር ምርመራ ውጤት አይታይም ነበር። አመክንዮው ጠንካራ ነው፦ አድልዎው የሚፈጸመው በሚታየው መልክ ላይ ከሆነ ካሳውም መልክን መከተል አለበት። ፎቶን በአካል በሚደረግ ምርመራ፣ አንድን ዓይን በአምስት ዓይኖች መተካቱም ከጄንኪንስ ሙከራ አንጻር ትክክለኛ እርማት ይመስለናል። ይህ ግን የሚያገለግለው «አድልዎ የሚደርስበት ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ነው። «ቡድኑ ምን ያህል ስብጥር አለው?» ለሚለው አይሆንም።

ተመልካቹስ ማነው?

ያው ቡድን ለሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ነው። በ2014 የታተሙ ሦስት ሙከራዎች እንዳሳዩት የአናሳ ቡድን አባላት አንድን ቡድን ብዝኃነት አለው የሚሉት በውስጡ የራሳቸውን ወገን ሲያዩ ነው፤ የሌላ አናሳ ቡድን ሰዎች መኖራቸው ያን ያህል አያሳምናቸውም። ፊቱ ለእነሱ መረጃ ነው፤ እዚያ ቢገቡ ምን እንደሚጠብቃቸው ይነግራቸዋል። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የእኩልነት ጉዳይ ብዙም የማያስጨንቃቸው ሰዎች፣ በዘር አንድ ወጥ የሆነውን ድርጅት የሥራ ዘርፉ ስለተለያየ ብቻ «ብዝኃነት አለው» ሲሉ አግኝቷል። በ2021 ማሪያ አባስካልና ባልደረቦቿ ነገሩን በሁለት ከፈሉት፦ ሰዎች ብዝኃነትን ሲመዝኑ የስብጥሩን ስፋትም የአናሳዎችን መጠንም በአንድ ላይ ያስባሉ። ሁለቱ ደግሞ ሊጣሉ ይችላሉ። ሁሉም አባላቱ ከአንድ አናሳ ወገን የሆኑ ቡድን በስብጥር ዜሮ ነው፤ ለብዙ ተመልካች ግን «ብዝኃነት» ይመስላል።

እንዴት ይቆጠር?

ለስብጥር የቆየ ቀመር አለ። የእያንዳንዱን ወገን ድርሻ በራሱ አባዛ፣ ውጤቶቹን ደምር፣ ድምሩን ከ1 ቀንስ። የሚገኘው ቁጥር በዕጣ የሚወጡ ሁለት ሰዎች ከተለያየ ወገን የመሆን ዕድላቸው ነው። 20 ሠራተኞች ያሉበት ክፍል 16፣ 2፣ 1 እና 1 ሆኖ ከአራት ወገን ቢሰባሰብ ውጤቱ 0.345 ይሆናል። ሌላ 20 ሰው ከሁለት ወገን 10 ለ10 ቢሆን 0.5። በፎቶ ላይ ባለ ብዙ መልክ የሚመስለው የመጀመሪያው ነው፣ አራት ዓይነት ፊት ስላለው፤ ቀመሩ ግን ሁለተኛውን ያስበልጣል።

ቀመሩም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ ይደብቃል። 60 ሠራተኞች 30 ለ30 ሆነው፣ በላያቸው ያሉት 10 ኃላፊዎች ግን ሁሉም ከአንዱ ወገን ቢሆኑ፣ ድርጅቱ በጠቅላላ 0.49 ያስመዘግባል። የኃላፊዎቹ ብቻ ሲሰላ ዜሮ ነው። ስለዚህ በየእርከኑ ያልተለየ የብዝኃነት ሪፖርት ከብሮሸር ፎቶ ብዙም አይሻልም።

ድርሻው ራሱ ከየት ይምጣ? ከሰዎቹ አንደበት። የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ፊት አይቶ መሙላት የለበትም፤ ከላይ የተዘረዘረው ስህተት ሁሉ አብሮ ይገባል። ጥያቄው ከአንድ በላይ መልስ መምረጥን ይፍቀድ፣ «መመለስ አልፈልግም» የሚል ምርጫ ይኑረው። አድልዎን ለማጥናት የሚፈልግ ተቋም ሁለተኛ ጥያቄ ያክል፦ «የማያውቅዎት ሰው መንገድ ላይ ቢያይዎት ከየትኛው ወገን ነዎት ብሎ የሚገምት ይመስልዎታል?» የሁለቱ መልሶች መራራቅ በራሱ መረጃ ነው። ከ5 ሰው በታች ያለው ምድብ በይፋ ሪፖርት ላይ አይውጣ፤ ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

የሰው አንደበትም ቅጹን ይከተላል። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በ2010 ከሁለትና ከዚያ በላይ ዘር የሚወለዱ ብሎ የመዘገባቸው 9 ሚሊዮን ሲሆኑ በ2020 ወደ 33.8 ሚሊዮን አሻቀቡ። በአሥር ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሕፃን አልተወለደም፤ የጥያቄው አቀራረብና የመልሱ አመዘጋገብ መለወጡ የጭማሪው ትልቅ ምክንያት ነው። ሁለት ዓመታትን ከማወዳደር በፊት ሁለቱን ቅጾች ማወዳደር ግድ ነው።

ማሽኖችም ከዚሁ ዓይን ተምረዋል። ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ በ2018 ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገራት ምክር ቤቶች የ1,270 አባላትን ፎቶ ሰብስበው ጾታ የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮችን ሲፈትኑ፣ ፈካ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። በየካቲት 2024 ጎግል ጀሚናይ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ የሰው ምስል ማመንጨቱን ለጊዜው ያቆመው ደግሞ በተቃራኒው ስህተት ነው፤ ብዝኃነት ይጨምር ተብሎ የተገራው ሥርዓት የ1940ዎቹን የጀርመን ወታደሮች ሳይቀር በልዩ ልዩ ዘር ሣላቸው። ዛሬ የፊት መረጃ ስብስብ «ተመጣጣኝ ነው» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በቆዳ ቀለም ነው፦ ወይ ቆዳ ለፀሐይ ያለውን ምላሽ ለመመደብ በ1975 ወጥቶ ኋላ ባለ 6 ደረጃ በሆነው መለኪያ፣ ወይ ጎግል በ2022 ይፋ ባደረገው ባለ 10 ደረጃ። ሁለቱም ስለ አፍንጫ፣ ስለ ከንፈር፣ ስለ ፀጉር አይናገሩም። በ10ሩም ደረጃ እኩል ፎቶ የያዘ ስብስብ ገጽታው ሁሉ ከአንድ ዓይነት ፊት የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ የሚገዛው ድርጅት ደግሞ የሚጠይቀው የቀለሙን ሠንጠረዥ ብቻ ነው።